ሶላሩና የሳሮን መርፌ

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ስልኩ ጠፋ። ባሌ ደረጀ “ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?” እያለ ሳለ ነው እጄ ላይ የጨለመው። መብራት ከሄደ ሰንብቷል። ምሰሶው ከነሽቦው የእነ ኦቦ ሁሴን ድንች ማሳ ውስጥ ተጋድሟል፣ እስካሁን መጥቶ ያነሣው የለም። ቻርጄን ቆጥቤ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ሌሊት ሌሊት የማሙሽን ጨርቅ የምቀይረው በስልኩ መብራት ነበር።

የሆነውን በተርታ ልጻፈው፣ አለዚያ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ልጄን ሳሮንን ሚስማር እግሯን ወጋት፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳቱ በረታ። አባቷ ትናንት ጠዋት አዝሏት ወረደ። ዲክሲስ ጤና ጣቢያ አይተዋት ወደ አሰላ ላኳቸው። እነሱ በተሻገሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወንዙ ድልድዩን ወሰደው። እኔ አራስ ነኝ፤ ማሙሽን ታቅፌ ቤት ቀረሁ።

ዛሬ የደወለው ከአሰላ ነው፣ አጠገቡ ካለ አስታማሚ በተዋሰው ስልክ። የራሱ ስልክ ዝናብ ገብቶበት እምቢ ብሎታል። ቁስሉን ከፍተው ጠርገውላታል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ መርፌ ይጀምሩላታል አለ።

መርፌ ሲል ነው ክው ያልኩት። ሳሮን ፔኒሲሊን አይስማማትም። ሕፃን ሳለች እናቴ ጋ ሲሬ ሄደን ጉሮሮዋን አመማትና አስወጋኋት። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ እጄ ላይ ልትቀር ነበር። ሐኪሙ “ሁለተኛ ይህን መርፌ እንዳትወጋ፣ የትም ስትሄዱ ተናገሪ” ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ በረገጥን ቁጥር ከሰላምታ በፊት እሱን ነው የምናገረው። ደረጀ ያኔ ጊኒር በኩል ስንዴ አጫጅ ኮምባይነር ላይ ነበር። በስልክ ነግሬዋለሁ። ኮምባይነሩ እያጓራ “እሺ፣ እሺ” አለኝ። ምኑን ሰምቶ! አሁን “የማይስማማት መድኃኒት አለ?” ብለው ቢጠይቁት “ምንም የለም” ነው የሚለው። ባሌን አውቀዋለሁ። ሐኪም ፊት ሲቆም ሁሉም ነገር ደህና ነው የሚል ሰው ነው።

“ደሬ፣ መርፌው” ብዬ አፌን ስከፍት ነው የጠፋው።

የተዋሰውን ስልክ ቁጥር በቃሌ አልያዝኩትም። ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተዘግቷል። ጄኔሬተር ያለው ባለሱቅ ነዳጅ የሚያስመጣው ከወንዙ ማዶ ነው። የቀረችኝ ደረጀ ለኮምባይነር ሥራ ሲወጣ የሚይዛት ሶላር ናት፤ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ፣ ሲዘረጓት አራት ገጽ የምትሆን። ሜዳ ላይ ስልኩን የሚሞላው በእሷ ነው።

ነገ ፀሐይ ከወጣች ነው እንግዲህ። ወሩ ደግሞ ነሐሴ ነው።

ዓርብ

ጉም። ከደጃፌ እስከ አጥሩ እንኳ አይታይም።

ሶላሯን ገና ሲነጋ አጥሩ ላይ ሰቀልኳት። “ፀሐይ የኃይል ምንጭ ናት” እያልኩ ሦስተኛ ክፍልን ስንት ዓመት አስጽፌአለሁ። በክረምት አትገኝም የሚለውን ማስጻፍ ረስቻለሁ።

ረፋድ ላይ ትንሽ ገለጥ አለ። ስልኩ ባዶውን የባትሪ ምልክት አሳየኝ። መታገሥ ነበረብኝ። እኔና ትዕግሥት ደግሞ አንተዋወቅም። አበራሁት። ስክሪኑ ነጣ፣ ነዘረ፣ ጠፋ። ቆይቼ አበራሁት፣ ደግሞ ጠፋ። የተጠራቀመችውን ሁሉ ለመነሣት ብቻ ይበላታል። በሦስተኛው ጊዜ ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር፣ ማሙሽ ሲያለቅስ ተውኩት።

ሶላር መኖሩን ሰው አይቷል። ቄጤማ የምታጭደዋ ሴትዮ ስልኳን ይዛ መጣች፣ መለስኳት። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መጣ፣ መለስኩት። ከዚያ አዴ ከዲጃ መጡ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፣ የኦቦ ሁሴን ሚስት። ማሙሽ የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። በአንድ እጃቸው ለአራሷ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ይዘውልኛል፣ በሌላው እጃቸው ትንሽዬ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን። ጮሌ ከተማ ያለ ወንድማቸው ታሟል፣ ድምፁን ሊሰሙ ፈልገዋል። “ዛሬ አይሆንም፣ አዴ፣ ለእኔም አልበቃኝ” አልኳቸው። ጭኮውን አስቀመጡልኝና ስልካቸውን ይዘው ሄዱ። ምን እንደጨነቀኝ አልነገርኳቸውም። ክፉ ነገር አፍ አውጥቼ ከተናገርኩት የሚደርስ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ልሄድ ተነሣሁ። በላይ በኩል ዞሮ ወንዙን የሚሻገር የፈረስ መንገድ አለ፣ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ማሙሽን አዘልኩ፣ ጋቢ ደረብኩ፣ በሩ ድረስ ሄድኩ። ዝናቡ ጀመረ። ተመልሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ምናልባት ዛሬ ወግተዋት ይሆናል።

ቅዳሜ

ዛሬ የደረሰብኝን ለማንም ብነግረው ይስቅብኛል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ፀሐይ ወጣች። የምር ፀሐይ፣ ዓይን የምታጭበረብር። አዴ ከዲጃ ገብሳቸውን በሁለታችን ቤት መካከል ባለው ገላጣ ላይ አስጥተውታል። ሌላው ቦታ ሁሉ የባሕር ዛፍ ጥላ ነው። እኔም ሶላሯን ከገብሱ ጎን ዘረጋኋት፣ ስልኩን እንዳይግል ከሥሯ ሸጎጥኩት። እስከ ቀትር ድረስ አልነካውም ብዬ ማልኩ። ማሙሽን ላጠባ ገባሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ሳላስበው ጭልጥ አልኩ።

ስነቃ ፀሐይዋ አሁንም በሩ ላይ ናት። ወጣሁ። ገላጣው ባዶ ነው። ሰሌኑ የለም፣ ገብሱ የለም፣ ሶላሯ የለችም፣ ስልኬ የለም። ተሰረቅሁ ብዬ ጮህኩ።

አዴ ከዲጃ ከቤታቸው ወጡ። ሶላሯ በወጉ ታጥፋ፣ ከስልኬ ጋር በላስቲክ ተጠቅልላ ብብታቸው ሥር ናት። “ደመና መጣ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገና ጠብ ሳይል አስገባሁልሽ” አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ደመናው መጥቶ ሄዷል። አንዲት ጠብታ አልጣለም። ያችን ሁሉ ፀሐይ ሶላሯ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ከገብስ ጆንያ ላይ ሆና አሳልፋታለች።

እኛ ጋ ደመና ያየ ሰው የማንም ይሁን የማን ስጥ ያስገባል። አይጠየቅም፣ አይመሰገንም። የጎረቤቱ እህል ሲርስ አይቶ ዝም ያለ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ይታማል። ሶላሯም ፀሐይ ላይ ተዘርግታ ነው ያገኟት፣ ስለዚህ እሷም ስጥ ናት። እሳቸው ምን አጠፉ? ይህ ሁሉ አሁን ስጽፍ ነው የገባኝ። ያኔ ግን የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። እናቴ ሰምታኝ ቢሆን አፌን በበርበሬ ታጥነው ነበር።

ጮኼ ጮኼ ሲወጣልኝ አለቀስኩ። ሲያለቅሱ ደግሞ ሁሉም ነገር ይወጣል። ስለ መርፌው፣ ስለ ሲሬ፣ ስለ ደረጀ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዴ ከዲጃ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሶላሯን ጭናቸው ላይ እንደያዟት ነው።

“ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?” አሉኝ።

ሶላሯን መልሰን ዘረጋናት፣ ግን ቀኑ አዘንብሎ ነበር። ስልኩ ነጣ፣ ነዘረ፣ ጠፋ።

እሑድ

ስነሣ አዴ ከዲጃ ቀድመውኛል። ገላጣው ላይ በርጩማ አኑረው፣ ሶላሯን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ወደ ዞረበት እሳቸውም ከነበርጩማቸው ይዞራሉ። ኦቦ ሁሴን ሰማዩን ይቆጣጠራሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አንዳች ነገር ከላይ የሚወርድ ይመስል ይጠብቃሉ።

ፀሐይዋ ግን ቀጭን ናት፣ ከስስ ደመና ጀርባ። የእኔ ስልክ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወደቀ። ለካ ለዚህ ስልክ የዛሬዋ ፀሐይ አትበቃውም። በምን ትነሣለህ ብዬ ሳፈጥበት ነው የአዴ ከዲጃ ስልክ ትዝ ያለኝ። ያቺ ትንሿ፣ ዓርብ ዕለት የመለስኳት። እሷ አንዴ ከጠጣች ሳምንት ትቆያለች። ሲም ካርዴን እሷ ውስጥ ካስገባሁት ቁጥሬ ተከፈተ ማለት አይደል? ደረጀ ከደወለ ያገኘኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ሦስት ቀን ይፈጃል? ራሴን በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

ስልካቸውን ሲያመጡ ፊታቸውን ማየት አፈርኩ። እሳቸው ግን ያን ሰዓት የሚያስታውሱት አይመስሉም ነበር። ሰካነው። የሶላሯ ገመድ ገጠመው። የእኔ ሲም ከቦታው አነሰ፤ ከደብተር ሽፋን ላይ ጠርዝ ቆርጬ አጋጠምኩት።

ከማዶ ከቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ድምፅ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ነበርኩ። ዛሬ ጸሎቴ አጭር ነበር። ጌታ ሆይ፣ ደመናውን ትንሽ ያዝልኝ፣ አልኩ።

ከቀትር በኋላ ስልኳ በራች። አልጠፋችም። ኔትወርክ መጣ፣ ቀጥሎ መልእክት በላይ በላዩ ገባ። ስልኬ ተዘግቶ ሳለ የደወሉልኝ ቁጥሮች ናቸው። ሁሉም አንድ ቁጥር ነው። ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ ዛሬ ጠዋትም ደውሏል።

ደረጀ የተዋሰው ስልክ መሆን አለበት፤ ቁጥሩን በማግኘቴ በመደሰት ፈንታ ፈራሁ። ደረጀ ሁሉም ነገር ሰላም ከሆነ ደጋግሞ የሚደውል ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ይደውላል፣ ካልተነሣ ይተወዋል። ምን ሆኖ ነው?

ደወልኩ። “የደወሉላቸው ደንበኛ” ስትል ዘጋሁት። ደወልኩ፣ ያቺው ሴትዮ። የስልኳ ቁልፍ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ በላቲን ፊደል “ሳሮን ፔኒሲሊን እንዳትወጋ” ብዬ ላክሁ። ደረሰ አይል፣ አልደረሰ አይል።

ዝናቡ መጣ። አዴ ከዲጃ ሶላሯን አጥፈው ሰጡኝ። ስልካቸውን ልመልስላቸው ስል እጄን ገፉት። “የእኔ ወንድም ነገም አለ፣ ኢንሻአላህ። አንቺ ጋ ይደር” አሉ። ስልኩን ከጡቴ ሥር ከማሙሽ ጋር አቅፌዋለሁ።

ሰኞ

ጠዋት ደወለ። ሰላምታ አልሰጠሁትም።

“መርፌ ተወጋች?”

“ተወግታለች” አለ።

ቀሪውን ሲናገር አልሰማሁትም፣ ደግሞ እንዲነግረኝ ለመንኩት። ዓርብ ጠዋት ነርሷ መርፌውን ልታዘጋጅ ስትል የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ምንም የለም አላት። ልክ እንዳልኩት! ያን ጊዜ ሳሮን አልጋው ላይ ሆና፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች። “እኔን መርፌ ያሳብጠኛል። እማዬ ሁልጊዜ ትነግራቸዋለች” አለች። የትኛው መርፌ እንደሆነ ግን ስሙን አታውቀውም። እኔን ሊጠይቅ ደወለ፣ ደወለ፣ አጣኝ። ሐኪሞቹም ሲጠራጠሩ ፔኒሲሊኑን ተዉትና ሌላ ዓይነት ጀመሩላት። ትናንት ስደውል የስልኩ ባለቤት ለቅሶ ሰምቶ አገሩ ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ነው የተመለሰው።

ትኩሳቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ቁስሉ ግን መድረቅ ጀምሯል ይላሉ። ድልድዩ መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

ስልኩን ሰጣት። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ኩራቷ ግን አልቀነሰም። “እማዬ፣ አባዬ እኮ አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የነገርኳቸው” አለችኝ።

በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። አዴ ከዲጃ ክፉ የሰማሁ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። እኔ እዚህ ፀሐይን ስለምን ስለምን፣ ልጄ አፍ እንዳላት ረስቼው ነበር።