የይለፍ ቃላችንን ከልብሳችን ላይ ላነበቡት የድረ ገጻችን አዲስ አስተዳዳሪ

ለማናውቅዎ ክቡር አስተዳዳሪያችን፣
ካሉበት፣

ጤናዎ እንደ ምን ሰነበተ? እኛ በጋና የኤጁራ ከተማ የቀብር መረዳጃ ማኅበር አባላት፣ ድረ ገጻችን ከእጃችን ከመውጣቱ በቀር፣ ደህና ነን። ሰርጎ ገብ ብዬ እንዳልጠራዎ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሰርጎ የሚገባ በር የተዘጋበት ሰው ነው። አባላት የይለፍ ቃሉን እየረሱ ስላስቸገሩ፣ ለሃያኛ ዓመታችን ባሠራነው የማኅበር ልብስ ጨርቅ ጠርዝ ላይ እንዲታተም ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ጸሐፊው ነኝ። ተጨብጭቦልኛልም። ሦስት መቶ ሰው ምስጢራችንን ለብሶ ገበያ ወጣ፣ ፎቶ ተነሣ።

፩ኛ. የሟቾቻችንን ስም በስልኩ ፈልጎ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ቁማር ድረ ገጽ መላክዎ ቅር አሰኝቶናል። እኔ ከቢሮ ስከፍተው ግን ንጹሑን ገጽ ብቻ ማሳየትዎ ለክብሬ ምን ያህል እንደሚያስቡ ያሳያል። ስለዚህም አቤት ያለውን ሁሉ «ስልክህን አስመርምር» ስል ከረምሁ።

፪ኛ. የጎብኚው ቁጥር በአንድ ወር አሥር እጥፍ ሲያድግ፣ መደንገጥ ሲገባኝ፣ በስብሰባ ሪፖርት አቀረብሁበት። ሊቀመንበራችን ናና አምፖፎ «አየህ ክዋኩ፣ የኛን ቀብር ዓለም ሁሉ እየጓጓለት ነው!» ብለው እጄን ጨበጡ። የእርስዎን ድርሻ ሳልገልጽ ክብሩን ለብቻዬ በመውሰዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛው አያስቅም። የእማማ አፍራኮማ ቀብር በአንድ ሳምንት ሲቀደም፣ አዲሱን ቀን ድረ ገጹ ላይ አወጣሁና እጄን አራግፌ ተቀመጥሁ። ያው በርኮ የሚባለውን ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ ስላልሆነ ግን ከቤተሰቡ የደወለለት የለም። ከሩቅ ከተማ ከታማሌ ሆኖ ቀኑን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ቁማር ተጋበዘ። መጀመሪያ በተባለው ቅዳሜ የሐዘናችንን ጥቁርና ቀይ ለብሶ ሲደርስ እማማ ከተቀበሩ ሳምንታቸው ነበር። አፈርሁ።

አሁን ገጹን ዘግቻለሁ፤ የማናውቃቸውን ተጠቃሚዎች፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ሰርዣለሁ፤ ስድስት ወር «አድሰኝ» እያለ ሲለምነኝ «ነገ» ስለው የኖርሁትንም ፕሮግራም አድሻለሁ። አዲሱን የይለፍ ቃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሐሙስ ሲደርስ እኔም ረስቼው ማንም የሚያውቀው አይኖርም።

ሥልጣንዎን በሰላም እንዲያስረክቡ በትሕትና እየለመንሁ፣ ስላስተማሩኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ክዋኩ ታቺ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያው በርኮ እርስዎን በክፉ አላነሣም። መቃብሩ ዳር ቆሞ የጠየቀው እኔን ነው፤ «ጋሽ ክዋኩ፣ ስልክ ቁጥሬ እኮ እርስዎ ጋ ነበር። አንዴ ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት?» ያልተከፈተ ሁሉ የሚከፈትልዎ ሰው ነዎትና፣ ለዚህ መልስ ካገኙ ይላኩልኝ፤ እኔ ፈልጌ አጣሁ።