ዳማና ስኖው

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዛሬም የጥንቸሎቹን የመኝታ ጨርቅ ቀያየርኩ። የስኖውን ለዳማ፣ የዳማን ለስኖው። አንዱ የሌላውን ሽታ እንዲለምድ ነው። ስኖው አሽትቶ ተኛበት። ዳማ በጥርሷ ጎትታ ጥግ ወረወረችውና ሸናችበት። ንግሥቲቱ!

ዳማ የኔ ጥንቸል ናት። ሳላገባ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ብቻዬን ስኖር ያሳደግኳት። ስኖው የሊዲያ ነው፤ የባለቤቴ የዳዊት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ኢቶቢኮ አክስቷ ጋ ነበረች፤ አሁን ከነጥንቸሏ እኛ ጋ። ሁለቱም ጥንቸሎች እንዳይወልዱ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። መሀላቸው የሽቦ አጥር።

ሊ. ትናንት ለአባቷ የነገረችው ከጆሮዬ አልወጣም። ስኖው እዚህ ካልተመቸው ይዛው ወደ አክስቷ ትመለሳለች። ዳዊት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ ስለ ጥንቸል ብቻ አልነበረም የምታወራው።

ዓርብ፣ ኖቬ. 7፣ ከሰዓት

መታጠቢያ ቤት አገናኘናቸው። ሁለቱም ገብተውበት ስለማያውቁ የማንም ግዛት አይደለም። እኔ በወፍራም ጓንት፣ ሊ. ፎጣ ይዛ። የሚወዱትን ቅጠል፣ ፓርስሊ፣ በተንን። ስኖው ዝም ብሎ ይበላል፣ የዋህ። ዳማ ጆሮዋ ወደ ኋላ ልጥፍ፣ ጭራዋ ቀጥ። ትዞረው ጀመር። ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ፎጣ ጣልንባት። ለዛሬ በቃ።

ሊ. እጄን ያዘችኝ። ሳታስበው መሰለኝ፣ ወዲያው ለቀቀችው። "ሄት ታደርገዋለች አይደል?" አለች፣ ትጠላዋለች ማለቷ ነው። ጊዜ እንስጣት አልኳት።

የዳማ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ። ታገሡ አለች። ስኖውን ግን በጭራሽ ወደ ዳማ ቤት እንዳታስገቡት፤ ቤቷን የደፈረ ጠላቷ ነው። ለሊ. እና ለዳዊት ነገርኩ።

እሑድ፣ ኖቬ. 9

አማቴ እትዬ አስናቀች ከኖርዝ ዮርክ መጥተዋል፣ ይሰነብታሉ። የማይታለብ፣ የማይበላ እንስሳ ምን ይሠራል አሉ። ስኖው ግን አሳዘናቸው። እሱ ኮሪደር ላይ፣ ዳማ ሳሎን ውስጥ ሰፊ ቤቷ። እንግዳ መሬት ተኝቶ ባለቤት አልጋ ላይ? ነውር ነው! ለእንግዳ መደብ ይለቀቃል እንጂ አሉ። ሊ. በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ።

የሐኪሟን ነገር ልነግራቸው አፌ ላይ ነበር። ተውኩት። አማት ናቸው፤ በዘዴ ይነገራል።

ዳማ በኋላ እግሯ ወለሉን መታች። ቆይታ ደግማ መታች። አደጋ ሲሸታቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 12

ዳዊት ሥራ፣ ሊ. ት/ቤት። ከኩሽና ስወጣ እትዬ ስኖውን ዳማ ቤት አስገብተው በሩን ዘግተዋል። "በይ እንግዳሽን አጫውቺ" ይሏታል።

ዳማ ዞረችው። ከዚያ ጸጉር ብቻ፣ ነጭ ጸጉር። ያለጓንት እጄን ሰደድኩ፣ እኔንም ነከሰችኝ። የስኖው ጆሮ ተቀዷል። ከዓይኑ ሥር ተቦጭቋል። ሐኪሟ ሰፋችው፤ ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ አታውቅም።

እትዬ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ፤ አክብሬው እኮ ነው ይላሉ። ሊ. ከት/ቤት ተመልሳ ስኖውን አየችው። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 13፣ ከሰዓት

ሊ. አያቷን አታናግርም። ቅዳሜ አክስቷ መጥታ ትወስዳታለች። እትዬ እህል አልቀመሱም። ዳዊት ሥራ ቀርቶ ያስታርቃል፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ። እኔን ሁሉም ያጽናናኛል። "አንቺማ ምን ታደርጊ፣ ኩሽና ነበርሽ" አለኝ ዳዊት።

ኩሽና አልነበርኩም። ትናንት ላንተም ዋሸሁ፣ ማስታወሻዬ። ሳሎን በር ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ ስኖውን በነጠላቸው አቅፈው በፊቴ ሲያልፉ አየሁ። "ተዉ እትዬ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አማት አይታረምም፣ አክብሮት ነው አልኩ ለራሴ። ምን አክብሮት! ሆዴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ይነከስ፣ ከነልጅቷ ይሂድ፣ ቤቴ ይመለስልኝ። ዳማ የተመኘሁትን አደረገችልኝ። ራሴን ፈራሁ።

ዳማን ለሰው ልስጣት ብዬም ነበር። እሷ ምን አጠፋች? ቤቷን ጠበቀች። ዝም ካልኩ እትዬ የኔን ጥፋት ተሸክመው ይቀራሉ፣ ልጅቷም አያቷን እንደጠላች ትሄዳለች። ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አይደለም።

ወስኛለሁ። ዛሬ ከት/ቤት ስትመለስ፣ አያቷና አባቷ ባሉበት። እያየሁ ዝም አልኩ እላታለሁ። ለምን እንደሆነም። ይቅር ላትለኝ ትችላለች። ዳዊትም

በሩ ተከፈተ። ሊ. ጫማዋን እያወለቀች ነው። ልነግራት ተነሣሁ።