በቀይ ክር «ጥጤ» ብለው ይሰፉ የነበሩት ወንድማችን

ታላቅ ወንድማችን ከፍራሽ አዳሹ አባታችንና ከልብስ አጣቢ እናታችን፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ የአባታችን ዓይን ሲደክም መርፌውን ተቀበሉ። ሃያ ሳይሞላቸው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ጥጥ ከፀጉራቸው ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ «ጥጤ» አላቸው። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ለአረጋውያን ቤት በየዓመቱ ፍራሽ ይሰጡ ነበር። ጎረቤቶች በጻፉልኝ የዚህ የሕይወት ታሪካቸው ረቂቅ ላይ «ቀኛቸው የሰጠውን ግራቸው ሳያውቅ የኖሩ» ይላል። ሰርዤዋለሁ፤ ውሸት ነው። እንኳን ግራ እጃቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያውቅ ይፈልጉ ነበር። ፍራሹን በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ በጋሪ ያስወስዱ ነበር፤ በእያንዳንዱም ጥግ በቀይ ክር «ጥጤ» ብለው ይሰፉበታል።

እኔ ታናሽ እህታቸው በዚህ አፍር ነበር። አንድ ቀን ሱቃቸው ሄጄ፣ ደንበኛ ፊት፣ «ጋሼ፣ የሚሰጡት ለእግዜር ነው ወይስ ለጭብጨባ?» አልኳቸው። መርፌያቸውን ፍራሹ ላይ ሰክተው ወደ ደንበኛው ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ስም አልሰፉም፤ ፍራሽም አልሰጡም። ሰባት ዓመት ሙሉ! አንድም ቀን ቃሌን ሰምተው የማያውቁ ሰውዬ ያቺን ብቻ ሰሙኝ።

አምና ሳንባቸው ታሞ ሲተኙ፣ መታመማቸውን ለአረጋውያኑ ልነግር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ፍራሾቹ ሳስተው ሳንቃው በእጅ ይዳሰሳል። አንዲት እናት ቀዩን ክር እየዳበሱ፣ «ምነው ጥጤ ጠፉ? አስቀየምናቸው እንዴ?» አሉኝ። የአሮጊት ወገብ ጥጥ እንጂ የሰጪን ልብ ምርመራ አይፈልግም።

ለወንድሜ ብነግራቸው፣ «ታዲያ ስሜን ሌላ የት ልጻፈው፣ አንቺ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ያኔውኑ ቢመልሱልኝ ምን ነበረበት?

ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አፏን መያዝ ያልቻለች እህታቸው ቀርተናል።

በሬሳ ሳጥኑ ጨርቅ ጥግ በቀይ ክር «ጥጤ» ብዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ተጣሟል፣ አትፍረዱብኝ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሲቀበል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ በስማቸው ይጥራልን።