መብረቅ ሳይመታ መስመሩን የነቀሉት የአቶ ሃብተሚካኤል ተመልሶ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሃብተሚካኤል ተመልሶ ከአባታቸው ከአቶ ተመልሶ ገብረዝጊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን አስፋው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 በአስመራ ከተማ ገጀረት ሰፈር ተወለዱ። ይህ ታሪክ በትግርኛ ሳይሆን በአማርኛ የተጻፈው ዛሬ ጠዋት ለቀብሩ ከአዲስ አበባ የደረሰችው አንድ ልጃቸው እየሩስ አንድም ቃል እንዳያመልጣት ነው፤ ጎረቤት ቅር አይበለው። የጻፈችውም ታናሽ እህታቸው ርግበ ናት።

አቶ ሃብተሚካኤል ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ጨርሰው በ1958 የስልክ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። በ1971 ከወይዘሮ አየለች ክፍሉ ጋር በተክሊል ተጋብተው በ1973 እየሩስን ወለዱ።

በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ወይዘሮ አየለች ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። አቶ ሃብተሚካኤል በሦስት ወር እከተላችኋለሁ ብለው ቀሩ፤ ቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ያለውን የሬዲዮ ስልክ ጣቢያ ከእሳቸው በቀር የሚጠግነው አልነበረም። ሦስት ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። እህታቸው እኔ ጋ ይግቡ ብትላቸው፣ ብትለምናቸው፣ ወይ ፍንክች! ብቻቸውን አብስለው ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

የጣቢያው መብረቅ መከላከያ በጦርነቱ ተቃጥሎ መለዋወጫ አልተገኘለትም። ስለዚህ ደመና ከምጽዋ በኩል ሲወጣ የአንቴናውን ገመድ በእጃቸው ይነቅላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ መሣሪያው ከተቃጠለ ከምጽዋ በሽተኛ የሚልክ ሐኪም እንኳ ወደ አስመራ መደወያ የለውም። የአዲስ አበባ ጥሪም የሚያልፈው በዚያው አንቴና ነበር።

በነሐሴ 1993 ወይዘሮ አየለች በጠና ታመሙ። እየሩስ ወደ ጣቢያው ደውላ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ ያዘችላቸው። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ነጎድጓዱ ቀረበ። ወይዘሮ አየለች፣ «ሃብቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። እሳቸውም፣ «ቆይኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለው ገመዱን ነቀሉት። 

ደመናው እስኪመሽ ኮረብታው ላይ ቆሞ ወደ ከረን አለፈ። መስመሩ ሲቀጠል ወይዘሮ አየለች አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር፤ ጎህ ሲቀድም አረፉ። ሊነግሯቸው የፈለጉት ምን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እየሩስም ከዚያ ወዲያ አባቷን አላናገረችም። እሳቸው ግን በየእሑዱ ይደውሉ ነበር፤ ሲነሣላቸው ድምፅዋን ብቻ ይሰማሉ፣ እሷም ትዘጋለች። 

በኩላሊት ሕመም ሰባት ወር ተኝተው መጋቢት 14 ቀን 1996 በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ለሞት ሲያጣጥሩ እህታቸው አጽናናሁ ብላ፣ ያን ቀን መብረቁ ጣቢያውን መትቶት ነበር ብዬ ለልጅዎ እነግራታለሁ አለቻቸው። ልብዋ እንዲራራ ነበር፤ ኃጢአት ከሆነም የእህት ኃጢአት ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ርግበ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እንዳትዋሺያት። አልመታም። ቢሆንም ያ ቀን ቢመለስ ዛሬም እነቅለዋለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ይቅር ካለችኝ ትበለኝ» አሉ።

ስለዚህ እየሩስ፣ መብረቁ አልመታም።

አቶ ሃብተሚካኤል አንዲት ሴት ልጅና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለልጃቸውም ልቧን ያራራላት። አሜን።