ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ ጉድጓድ ይከፈት

ነሐሴ 9፣ ጠዋት 1፡30

አሁንም ጭቃ። ሦስተኛ ቀኔ። ከሳሎኑ አውጥቼ ጨረስኩ ስል ከጓዳው ይፈሳል። ወገቤ ተቆርጧል። ሁሉም ነገር ይሸታል። ደብተሬ፣ አንተም ትሸታለህ፤ ሽፋንህ ረጥቦ አብጧል። ቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ስለነበርክ ነው የተረፍከው።

እዚህ እኮ ጠብታ አልጣለም። ከላይ ከተራራው ዘነበና ጎርፉ እኛ ላይ ወረደ። የዐስር ሶላት ሳይደርስ ግቢውን ሞላው። ሁለቱን በጎች ወሰደ። ዶሮዎቹን አጥሩ ሥር ተለጥፈው አገኘኋቸው። ጓዳ ካለው የእህል ጆንያ ግማሹ ረጠበ፤ የቀረውን ጣራው ሥር ሰቅዬዋለሁ።

አባዬ አካፋ አልነካም። ሰማንያ አልፎታል፣ አልፈርድበትም። ግን ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አጠገብ ይቀመጣል። የዓመት ማሽላችን እዚያ ነው፤ ከግቢው መሐል፣ ከመሬት በታች። ጥር ላይ ሞልቶት አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠመው፣ በጭድና በጭቃ መረገው። አሁን ከላዩ አንድ ስንዝር ደለል ተኝቶበታል። ውሃ ይግባ አይግባ አላህ ነው የሚያውቀው። አባዬ እጁን ያሳርፍበታል፣ እንዳተኮሰው ልጅ። እንየው ስለው ዝም በይ አለኝ። እሺ። ወደ አካፋዬ።

ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 9፡00

እርዳታ ስንጠብቅ ከወረዳ መመሪያ መጣ። አራት ገጽ፣ ከነማኅተሙ። ርእሱ ብቻ ሁለት መሥመር ይፈጃል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ት/ቤቱ ግቢ ሰበሰበ። ድምፅ ማጉያውን ለኔ ሰጠኝ። አስተማሪ ነሽ፣ አንቺ አንብቢው፣ ካንቺ ይሰማሉ አለ። ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሰዉ ጭቃ ላይ ቆሟል፣ ግማሹ በባዶ እግሩ።

ተ.ቁ. 2፦ ባለሙያ ሳያይ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይንኩ። መብራት ካየን ስንት ጊዜያችን። ተ.ቁ. 4፦ የወለል ምንጣፍዎን በባለሙያ ያሳጥቡ። ተ.ቁ. 6፦ ምድር ቤት የገባን ውሃ ቀስ በቀስ ይምጠጡ። ከየትኛው ከተማ እንደቀዱት እንጃ፤ ቀድተው ሲያበቁ ግን አንድም ሰው አላነበበውም። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽህም፣ ድንጋዩ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተ.ቁ. 9 ላይ ሳቁ ቆመ። ይቺን እዚሁ አገር ያለ ሰው ነው የጨመራት። በጉድጓድ ያለ እህል ተከፍቶ፣ ወጥቶ፣ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ለአጣሪ ኮሚቴ ይታይ። ያልተከፈተ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ እርዳታ አያገኝም። ተ.ቁ. 10፦ ኮሚቴው ሳያየው ከቦታው አይነሣ።

በነሐሴ ጉድጓድ! አንዴ ከተከፈተ እንደገና አይዘጋም፣ ሁሉም መውጣት አለበት። የወጣው ፀሐይ ይፈልጋል። ፀሐይ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ነው። የራያ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው ይሄ። ሰዉ ማጉረምረም ያዘ። እኔ ምን አልኩ? መመሪያ ነው፣ ኮሚቴው ነገ በ3 ሰዓት ይመጣል፣ በአንድ ቀን ያልቃል አልኩ። ሊቀመንበሩ በጆሮዬ ያንሾካሾከውን በድምፅ ማጉያ አስተጋባሁ።

ስመለስ እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ጎረቤታችን ናት፣ ባሏ ከሞተ ብዙ ጊዜው፣ ብቻዋን ነው የምትኖር። እናቴ ስትሞት ጸጉሬን እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ናት። “አንቺ ነሽ የተማርሽው” አለችኝ፤ “ልክፈተው ወይስ ይቅርብኝ?”

ክፈቺ አልኳት። አላሰብኩበትም እንኳ።

ነሐሴ 11፣ ከምሽቱ 12፡00

የእትዬ ዘ. ጉድጓድ ተከፈተ። የባሏ ወንድም አሊ ከሁለት ሰው ጋር መጣ። ድንጋዩን ገለበጡና ወዲያ ሸሹ። ጉድጓድ እንደተከፈተ አይገባበትም፤ ታፍኖ የቆየው አየር ሰው ይገድላል። ኩራዝ በገመድ አወረዱ። ጠፋ። ጠበቁ። እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ በርቶ ቆየ። አሊ ቢስሚላህ ብሎ ገባ።

ላይ ላዩ ጠቁሮ ተጣብቋል፣ አንድ ስንዝር ያህል። ከሥሩ ግን ደህና! ደረቅ፣ ለብ ያለ፣ የጉድጓድ ሽታው ያለቀቀው ቀይ ማሽላ። እትዬ ዘ. እልል ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ጎርፉ ወደ ሥሩ አልደረሰም ማለት ነው። ዝም ቢባል እስከ ጥቅምት ይቆይ ነበር። ሁላችንም ያሰብነው ይመስለኛል።

ግቢዋ ሙሉ በሸራና በተቀደደ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተሰጣ። 3 ሰዓት አለፈ። 6 ሰዓት። 9 ሰዓት። የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር እንነሣለን፤ ወደ ቆቦ የሚያልፍ ነው።

ደመናው ጠቆረ። እናስገባው አልኩ። የቤቷ ወለል ጭቃ ነው፤ አሊ እኔ ጋ ቆጥ ላይ ይውጣ፣ በአህያ ላመላልሰው አለ። ቆይ ልጠይቅ ብዬ ሊቀመንበሩ ጋ ሮጥኩ። ከቦታው ከተነሣ ማን ያምናል አለ። ተ.ቁ. 10ን ጠቀሰልኝ። ሸራ ጣል አድርጉበት፣ ነገ በጠዋት ይደርሳሉ አለ። ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳት። አሊ አህያውን ይዞ ሄደ።

አባዬ እራቱን ዞር ብሎ በላ።

ነሐሴ 13፣ ጠዋት 3፡00

ዝናብ። ትናንትም ዝናብ። ሸራው ኩሬ ሠራ፣ በመሐሉ ቀዳዳ አለው። ኮሚቴው የለም። ሊቀመንበሩ ስልክ አያነሣም። ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ጎብዬ ከተማ ስብሰባ ሄደ አለችኝ፤ ጫማው በር ላይ ነው። እዚያው ቆሜ ጫማውን አየሁት። ምንም ሳልል ተመለስኩ። ለምን ምንም አላልኩም?

ነሐሴ 15፣ ከቀኑ 8፡00

ማሽላው አበቀለ። ነጭ ነጭ ጭራ አውጥቷል። እጄን ብሰድበት ያቃጥላል፣ ከውስጥ እየፈላ ነው። ሽታው ከጭቃው ሽታ ይብሳል፤ ጎምዛዛ፣ እንደተበላሸ ጠላ።

አሊ መጥቶ አየና ጀርባውን ሰጠኝ። ልክ ነው። እትዬ ዘ. ቁጭ ብላ ደህናውን ከተበላሸው በእጇ ትለቅማለች። ከዚያ ክምር! አብሬያት ለቀምኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ተርፏል ትላለች። ምነው በሰደበችኝ። ምላሴ አስጠላኝ ወላሂ። ስንት ዓመት ልጆችን አንብባችሁ ተረዱ፣ ዝም ብላችሁ አትድገሙ እያልኩ ሳስተምር ኖሬ!

ነሐሴ 17፣ ከቀኑ 10፡00

መጡ። ስድስት ቀን ዘግይተው። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው፣ መዝገብ ያዡና ፎቶ የምታነሣ ልጅ። ቦት ጫማቸው አዲስ ነው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አንዱ ላይ አልተላጠም። ሰብሳቢው ከመኪናው ሳይወርድ አፍንጫውን ያዘ። የኛ ሽታ ነው እንግዲህ።

ማሽላውን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። በቅሏል አለ። አዎ፣ በቅሏል። ጎርፍ በአንድ ቀን ሄዷል፣ ይህ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው አለ። “የአያያዝ ጉድለት” ብለህ ጻፍ አለው። መዝገብ ያዡ ጻፈ። ስለዚህ በጎርፍ ተጎጂነት አይመዘገብም።

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። መመሪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ጣቴን ዘጠኝና ዐሥር ላይ አድርጌ አነበብኩለት። መመሪያ እንደየሁኔታው ነው የሚታየው አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። አንተ አይደለህም ከቦታው አይነሣ ያልከኝ ብዬ ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። መሬት መሬቱን ያያል። እትዬ ዘ. ከማንም አልተጣላችም፤ ልጅቷ ፎቶ ስታነሣት ነጠላዋን አስተካከለች። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደኛ ግቢ። ይሄኛው ለምን አልተከፈተም? አሁን ክፈቱት፣ አሁኑኑ እንመዘግባችኋለን፣ ግማሽ ሰዓት አለን አሉ። የሥሩም ናሙና ይፈለጋል። አባዬ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጉድጓዱ ሳይተነፍስ ማናችሁ ናችሁ የምትገቡት ብሎ ጠየቃቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። የርስዎ ሰው ይገባል እንጂ አባት አለ።

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አባትሽን አስረጃቸው። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳምንት ሙሉ ያላየኝ። እርዳታው እንደሚቀርብን አውቃለሁ። ውስጡም ሙሉ በሙሉ በስብሶ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ።

አይከፈትም አልኩ። “ለማጣራት ሥራ ተባባሪ ያልሆነ” የሚል ቅጽ አላቸው፣ አስቀድሞ የታተመ! ፈረምኩ።

ነሐሴ 18፣ ጠዋት 4፡00

እትዬ ዘ. ዕቃ ትጠቀልላለች። ዋጃ ያለችው ልጇ ጋ ልትሄድ ነው። ልጇ የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፣ ከባሏና ከአራት ልጆች ጋር። ማሽላውን አሊ ትናንት ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ከብት እንዳይበላውና እንዳይታመም። የቤቷን ቁልፍ ለኔ ልትሰጠኝ ዘረጋችልኝ። ለኔ!

“አብሽሪ ልጄ” አለችኝ፣ “አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው።”

ቁልፉን አልተቀበልኩም። ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ለአባዬ እያለቀስኩ ነገርኩት። ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

ከቀኑ 7፡00

አባዬ ተመለሰ፤ የእትዬ ዘ.ን ጥቅልል በጀርባው፣ እሷን ከኋላው። እየተቆጣችው ነው የመጣችው፣ አንተ ሽማግሌ ወገብህ ይሰበራል እያለች። ያላትን ነገረችኝ፦ ጉድጓዱ ከዛሬ ጀምሮ የሁለት ቤት ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ እንከፍተዋለን፣ ውሃ ገብቶት ከሆነም አብረን እንራባለን። እስከዚያ የተሰቀለውን ጆንያ እንበላለን። ጓዳውን አሁን እየጠረገች ነው። እኔ ከባሌ ተፋትቼ ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ቤት ይህን ያህል ንግግር አልተሰማም።

ነሐሴ 19፣ ከቀኑ 11፡00

ሊቀመንበሩ መጣ። አዲስ ወረቀት ይዟል፣ ሁለት ገጽ። “ሁለተኛ ዙር”። እስካሁን ጉድጓድ ያልከፈቱ ከጁምዓ በፊት ከፍተው ያስጡ፤ ኮሚቴው ቅዳሜ ይመጣል። ማሽላዋ ስለበቀለባት ሴት አንድ መሥመር የለም። ተ.ቁ. 4 የምንጣፉ እንኳ እንዳለች አለች።

ነገ በ3 ሰዓት እንዳነብ ይፈልጋል። ደጃፍ ላይ አቆምኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ የፈረምሽው ቅጽ እኔ ጋ ነው፣ ገና ወደ ላይ አላለፈም፣ በደንብ ካስረዳሽልኝ ሊቀር ይችላል አለኝ። ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ትከሻዬን በሳሙና ታጠብኩት።

እንደኛ ጉድጓዳቸውን ሳይከፍቱ የቆዩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሰዉ የኔን አፍ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች መምህርት ምን ትያለሽ ብለው ጠየቁኝ፤ ገና ወረቀቱን አላየሁም ነበር። የሚበላ ያለቀባቸው አሉ። እርዳታው እንዳያመልጣቸው ይከፍታሉ። ሰማዩ ደግሞ ይኸው ጥቁር ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። ከመዝገብ እንወጣለን አልኩ። ድሮስ መቼ ገባን አለ።

ለእትዬ ዘ.ም ነገርኳት። ስምሽን በሰው ፊት ላነሣው ነው፣ ይከፋሻል ወይ ብዬ። እኔም እመጣለሁ፣ አጠገብሽ እቆማለሁ አለች።

እንግዲህ ቆርጫለሁ ደብተሬ። ነገ በ3 ሰዓት ድንጋዩ ላይ እወጣለሁ። ወረቀቱን አንድ ቃል ሳልዘል አነባለሁ፣ ከነማኅተሙ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አልመልስለትም። እትዬ ዘይነባን ክፈቺ ያልኳት እኔ ነኝ፣ አሊ ሊያነሣው ሲል ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እህሏ ደህና ነበር፣ ያበሰበሰው ጎርፍ ሳይሆን እኛ ነን እላለሁ። ከዚያ አትክፈቱ እላለሁ።