በሚካኤል ያልታጨደ ስንዴ

ጥቅምት 6

ዛሬም እንደ ትናንት። ከትምህርት ቤት መጣሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ አልጋ ላይ ተጋደምሁ፣ ስልኬን ከፈትሁ። የእርሻ ጌሙ ላይ ሰብሌ ደርሷል። አጨድሁ። መልሼ ዘራሁ። ዶሮዎቹን አበላሁ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም።

የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ ጀምሯል። በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ነው። ጨርቅ ወተፍሁበት።

ኤደን ጋ ደወልሁ፣ አላነሳችም። አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ እንዲህ ሆናለች። "እደውልልሻለሁ" ብላ ጻፈችልኝ። መቼ? ከእሷ ሌላ ጓደኛ እንዳልነበረኝ ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ክፍል ውስጥም ጮኽሁ። ፍሬሕይወት የምትባለዋን ልጅ ክፍልፋይ እንድትደምር ወደ ሰሌዳ አወጣኋት። ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ዝም። ልጁ ሁሉ ያያታል። "በቃ ተቀመጪ፣ ጊዜያችንን አታባክኚ" አልኋት። እንባዋ መጣ። ምን ላድርግ? ደወሉ አይጠብቀኝ።

ጥቅምት 9

መምህር ፀጋዬ ግቢውን ሲጠርጉ ነቃሁ። ያው መጥረጊያ፣ ያው ሰዓት። አከራዬ ናቸው። ከአርብ ገበያ ከተማ መጥቼ እዚህ ስማር ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል። ያኔ ኮቴያቸው ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ባለቤታቸው አርፈዋል፣ በግቢው ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ጠዋት "እንደምን አደርሽ"፣ ማታ "እንደምን አመሸሽ"። በቃ። አሁንም ሲያዩኝ ሳላስበው ቀሚሴን አስተካክላለሁ። የአስተማሪ ፍርሃት አይለቅም መሰል።

ጥቅምት 13

ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስጫወት የመምህር እህት እትዬ ሙሉነሽ መጡ። ስልኬን አጎንብሰው አዩ።

"ውይ፣ ይኸን እርሻማ የወንድሜ ልጅ አላምረውም ይጫወተዋል። የእኛን ስልክ አያነሳም እንጂ ከእርሻው ጠፍቶ አያውቅም።"

ጓዳ በር ላይ የነበሩት መምህር እንደቆሙ ቀሩ። ቆይተው ገቡ።

አላምረው ልጃቸው ነው። አዳማ ነው ያለው። እትዬ ሙሉነሽ በሹክሹክታ ነገሩኝ… ምሕንድስና ሲማር ሦስተኛ ዓመት ላይ ትቶ ወጣ፣ ጋራዥ ገባ። መምህር በጎረቤት ፊት "ሰው ሳትሆን ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት። ልጁም ቃል በቃል ያዘው። ለእናቱ ለቅሶ እንኳ መጥቶ እትዬ ሙሉነሽ ቤት አድሮ ሄደ።

"ሁለቱም ያው ናቸው፤ እልኸኞች" አሉ። እኔ ግን ማታ ሳስበው የቆየሁት ግድግዳውን ነው። ከዚያኛው ወገን እሳቸው፣ ከዚህኛው እኔ። ሁለታችንም የማያነሳ ሰው ጋ እየደወልን።

ጥቅምት 14

መምህር በሬን አንኳኩ። እህታቸው የሰጧቸውን በጣት የሚነካ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ እንደ ጽዋ።

"ዳግማዊት፣ ያ የእርሻ ጨዋታ… አስተምሪኝ።"

እኔ? እሳቸውን?

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ትምህርት። ወይ ጉድ።

ጣታቸው ደርቋል፣ ስክሪኑ አይሰማቸውም። ሦስት ጊዜ ይነካሉ፣ አራተኛው ላይ ሌላ ነገር ይከፈታል። "እሱን አይደለም መምህር፣ ይኸኛውን። አይደለም። ይተዉት፣ እኔ ልንካው።" ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅሁ። አዎ፣ ነጠቅሁ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

አንዴ ተነክቶ መሬቱ ሲታረስ ሲያዩ ደግሞ አልተቀበሉትም።

"ታረሰ ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ሳይደገም? ሳይሰለስ? እንዲህ የሚያርስ ማነው? ሰነፍ።"

ሳቄ መጣ። የገበሬ ልጅ ናቸው ለካ። ስቄ ካበቃሁ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሳቅ ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው ብዬ ገረመኝ።

ጥቅምት 19

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል። ሰሌዳ ላይ አውጥተውኝ እኩልታው ጠፋብኝ። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ለምሳ ወጡ። መምህር አልለቀቁኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እጃቸውን አጣጥፈው። እኔ እያለቀስሁ፣ እሳቸው ዝም ብለው። ስጨርስ "ሂጂ ብይ" አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤባቸው ነበር።

ዛሬ ስልኩን ሲነካኩ ሳይ ነው የገባኝ። ያን ቀን እሳቸውም ምሳ አልበሉም።

ጥቅምት 24

እትዬ ሙሉነሽ በሰጡን ስልክ ቁጥሩ ፈልገን፣ ለአላምረው ጌሙ ላይ የጎረቤትነት ጥያቄ ላክንለት። ጌሙ ስም ሲጠይቅ ቶሎ ብዬ "ጋይንቴው" ብዬ ሞላሁ።

"ስሜን ለምን አልጻፍሽም?"

"ስምዎን ካየ አይቀበልማ።"

ተናግሬ ሳልጨርስ ጸጸተኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተሳሳተ መልስ ላይ እርማት እንደተቀበለ ተማሪ።

ይመልስ አይመልስ እርግጠኛ አልነበርሁም። እራት ሳይደርስ ተቀበለ።

ኅዳር 2

አሁን ጎረቤታሞች ናቸው። ጌሙ ላይ ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ ውሃ ማጠጣት ይችላል። መምህር ጠዋት ግቢውን ከጠረጉ በኋላ የልጃቸውን ማሳ ያጠጣሉ። እሱም ያጠጣላቸዋል፤ ማን እንደሆኑ ሳያውቅ።

"ዛሬ ደግሞ በቆሎ ዘርቷል" ይሉኛል በር ላይ። "ማሳው አንድ ሰዓት ጦሙን አያድርም። እጁ ፈጣን ነው።" እንዲህ ሲያመሰግኑት ሰምቶ ያውቅ ይሆን?

ሒሳባቸው አልለቀቃቸውም። እህሉ የሚደርስበትን ሰዓት አስልተው ነው የሚዘሩት፤ እሑድና በዓል ቀን እንዳይደርስባቸው። እኔ ገና ዛሬ ነው ያስተዋልሁት። ገበሬው በማርያም፣ በሚካኤል በሬ አይጠምድም፤ እሳቸውም በስልክ አይጠምዱም።

ኅዳር 6

ፍሬሕይወትን ደግሜ አወጣኋት። ልታገሥ ብዬ ነበር። ትንሽ ቆምሁ… ከኋላ ልጆቹ መንጫጫት ጀመሩ፣ ጠመኔውን ተቀብዬ ራሴ ሠራሁት። ያው እኔ።

ኅዳር 11

መምህር ደክሟቸዋል፣ ጉንፋን ይዟቸዋል። ስልካቸውን እኔ ዘንድ ለቻርጅ ትተው ተኙ። ማሳቸው ባዶ ነው። ልጃቸው ባዶ ማሳ እንዳያይ ብዬ ስንዴ ዘራሁላቸው። ምን አለበት?

ኅዳር 12

ምን አለበት ማለቴ! ስንዴው ዛሬ ደረሰ። ሚካኤል። ያውም የዓመቱ ሚካኤል።

በጉንፋናቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ነጠላቸውን እንዳደረጉ፣ ስልካቸውን ይዤ በር ላይ ያዝኋቸው።

"መምህር፣ ትናንት የዘራሁልዎት ስንዴ ደርሷል። እስከ ማታ ካልታጨደ ይደርቃል።"

"ዛሬ ማነው?"

"ሚካኤል።"

"እንግዲያስ።"

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ።"

ነገርኋቸው። የደረቀ ማሳ ያለው ጎረቤት ጌሙን የተወ ሰው ነው ተብሎ ይሰረዛል፣ እኔም ስንቱን ሰርዣለሁ። አላምረው ከሰረዘዎት ሁለተኛ አይቀበልዎትም። በዓለም ላይ ከልጅዎ ጋር ያለዎት ነገር ይኸው ብቻ አይደለም ወይ? እንዲህ ብዬ ነው የተናገርሁት። በኋላ አፈርሁ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው፣

"እናቱ የሚካኤልን ዝክር አንድ ወር ሳታጓድል ነው የሞተችው። እኔ በሚካኤል ማጭድ አላነሳም። ከሰረዘኝ ይሰርዘኝ።"

ስልኩን ለቻርጅ መልሰው ሰጡኝ። ከሰዓቱን ሙሉ እኔ ጋ ነበር። ስንዴው ወርቅ መስሎ ቆሟል። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንስቼ ነበር… ጣቴን። መልሼ አስቀመጥሁት። መልአኩን ፈርቼ አይደለም። እሳቸውን።

ኅዳር 13

ደርቆ አደረ። መምህር ማሳውን ጠርገው እንደገና አረሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አላምረው ዛሬ ውሃ አላጠጣላቸውም።

ኅዳር 16

ዛሬም ውሃ የለም። አልሰረዛቸውም፤ ግን አይመጣም። እሳቸው የእሱን እያጠጡ ነው።

እኔ ልሞት ነው። "ለምን አልጽፍለትም? አባትህ ናቸው ልበለው" አልኋቸው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉኝ። ስለ ስንዴው ያሉት ይኸ ብቻ ነው።

ኅዳር 18

ዛሬም የለም። የግቢው መጥረጊያ ድምፅ ቀስ ብሏል።

ኅዳር 21

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። መምህር፣ ነጠላ ለብሰው፣ ስልኩን ይዘው።

"እስቲ እይልኝ። ተበላሽቷል መሰለኝ።"

የአላምረው ማሳ ነው። ከዳር እስከ ዳር ስንዴ። ደርሷል። አልታጨደም።

"አልተበላሸም። ገና አልገባ ይሆናል፣ ሥራ ላይ ነው።"

ቀትር ላይ አየን። ቆሟል። ከቀትር በኋላም። ማሳው አንድ ሰዓት ጦሙን የማያድር ልጅ… "ታሞ ይሆን?" አልሁ። እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስልኩን ትክ ብለው ያያሉ። ድንገት የመምህሩ አንገት ቀና አለ።

"ዛሬ ማርያም ናት" አሉ።

ገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸው ነው የተናገሩት። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሲመሽ የልጃቸው ስንዴ ፊታችን ደረቀ። አንድ ማሳ ሲደርቅ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር 22

አላምረው ደወለ። መምህር ድምፁን ማጉያ ላይ አደረጉት፤ የነኩት ሌላ ነገር መስሏቸው ነው። እኔ ደጅ ነበርሁ፣ ሰማሁ።

"አባባ… ሚካኤል ዕለት ነው የጠረጠርሁ። ጌም ላይ በዓል የሚያከብር ሰው ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?"

"ታዲያ ውሃውን ለምን አቆምህ?"

"ምን እንደምልዎት ጠፍቶኝ።"

ከዚያ ሁለቱም ዝም። ማንም አልዘጋውም።

ታኅሣሥ 2

አላምረው መጣ። ከሚኒባስ ወርዶ በእግሩ። ቀጭን ነው፣ ጥፍሩ ሥር የጋራዥ ዘይት አለ። ከግቢው በር ውጭ ቆመ። አልገባም። መምህር ወጡ። የበሩ እንጨት መሀላቸው።

"አባባ፣ ገና ሰው አልሆንሁም።"

"እኔም ገና ነኝ። ግባ።"

ገባ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ማታ ሳቃቸው በግድግዳው ይመጣ ነበር። ደስ አለኝ። ከፋኝም። አሁን እኔን ለምን ይፈልጉኛል?

ታኅሣሥ 5

ለዓይናቸው ሐኪም እንዲያያቸው ብሎ አዳማ ይዟቸው ሄደ። እስከ ጥምቀት አይመለሱም። መምህር ቁልፉን ሰጡኝ። "ግቢውን አደራ" አሉ። ትንሽ ቆመው ደግሞ "ነጠቅሽኝ እንጂ ደህና አስተማሪ ነሽ።" አልረሱትም ማለት ነው።

አላምረው ሳቀ። እኔ ቀሚሴን አስተካከልሁ።

ታኅሣሥ 7

ጠዋት የመጥረጊያ ድምፅ የለም። እሱን ስጠብቅ አርፍጄ ተነሣሁ። ራሴ ጠረግሁ። ውሻ እንኳ የለም በዚህ ግቢ።

ታኅሣሥ 9

ፍሬሕይወት። ሰሌዳ ላይ ወጣች፣ ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ልጆቹ መንጫጫት ሲጀምሩ ዞር ብዬ አየኋቸው፣ ዝም አሉ። ወንበር ሳብሁና ተቀመጥሁ። እጄን አጣጠፍሁ። ልክ እንደ እሳቸው… ሳላስበው።

ቆየች። እኔም ቆየሁ። ጠመኔውን ልቀበላት እጄን ሲበላኝ ነበር፣ አልዋሽም። ደወሉ ተደወለ። "እናንተ ውጡ" አልሁ፣ እሷና እኔ ቀረን። ታችኛውን ቁጥር ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ላይኛውን ደመረች። ልክ ነው።

"ሂጂ ብይ" አልኋት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "ቲቸር፣ እርስዎስ?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 12

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ስልኬን ከፈትሁ። ስንዴዬ ደርሷል፤ ሰዓቱን ሳላሰላ ዘርቼው። አስልቼስ ቢሆን? ተውሁት። ሻይ አፈላሁ፣ ለአንድ ሰው።

ግቢው ጭር ብሏል። ኤደን ዛሬም አልደወለችም። ብርድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጌሙ ላይ ወደ ጎረቤቶቼ ማሳ ገባሁ። የመምህር ስንዴ ደርሶ ቆሟል። አዳማ ሆነው ሰዓቱ ተምታቶባቸው ነው? እሳቸው? ወደ አላምረው ማሳ አለፍሁ። እሱም ስንዴ፣ እሱም ቆሟል።

ሲመሽ ሦስቱም ደረቁ። ነገ በማለዳ እናርሳለን።