ተቆጥተው አልነበረም

ዛሬ የምንሸኛቸው የመንዳት አስተማሪ ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ በአባታቸው ጋራዥ ጥቂት ዓመታት ሠርተው፣ በ1973 ዓ.ም. በአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ዳገት ላይ ሞተር ደጋግመው ካጠፉባቸው ተማሪያቸው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ሲያስተምሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ አያውቅም። ተማሪ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቆ መኪናዋ ስትዘል፣ «አይዞህ፣ እሷም ገና እየለመደችህ ነው» ይሉ ነበር።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፊታቸውና አንገታቸው ድንገት ይቀላ ጀመር። ተማሪዎች «ጋሼ ተናደዱ» ብለው መሪውን ጨምድደው ይይዛሉ። «ቀይ መብራት» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ እሳቸውም «ታዲያ ካያችሁ ቁሙዋ!» እያሉ አብረው ይስቃሉ። ከትምህርቱ በኋላ ግን ተማሪውን ለብቻው ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸውና ቶሎ ቶሎ ሲያስቀምጣቸው በምግብ ተሳበበ፤ የፊታቸው መቅላት በጠባያቸው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. «ተማሪ እያስፈራሁ ነው» ብለው የሚወዱትን ሥራ በፈቃዳቸው ተዉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሆዳቸው ሲብስባቸው በተደረገ ምርመራ፣ በትንሹ አንጀታቸው ላይ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የተነሣ ዕጢ ተገኘ። የቀድሞ ስሙ «ካርሲኖይድ» ነው፤ ካንሰር መሰል እንደ ማለት። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ሐኪሟ ግን ቀስ ብሎ ቢያድግም ካንሰር እንደሆነ፣ ስሙም ዛሬ «ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ» መባሉን አስረዳች። ዕጢው ወደ ጉበታቸው ተዛምቶ ነበር፤ ከዚያ የሚረጨው ሆርሞን ከደም ጋር እየዞረ አንጀትን ያስሮጣል፣ ፊትንም ያቀላል።

«እኛ እኮ ጠባይ ነው ብለን ነበር» አለች ታላቋ ልጃቸው።

«እኔም» አሉ አባቷ። «ቁጡ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ቀዶ ሕክምናውና በየወሩ የሚወጉት መርፌ ዓመታት ጨመሩላቸው፤ ወደ ተማሪዎቻቸው ግን አልመለሷቸውም። ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ተለዩን።

በእጃቸው መንዳት የተማራችሁ ሁሉ፣ ያን ቀይ ፊት ስታስታውሱ፣ ተቆጥተው እንዳልነበረ ዕወቁልን። ይቅርታ የጠየቋችሁም ላላጠፉት ጥፋት ነው። ፈጣሪ፣ እሳቸው ጀማሪን በታገሡበት ትዕግሥት፣ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።